ዳርቻ

ሁዳዴን ሙሉ ማንም አልነቃብኝ፤
ሽሮው የጋራ ነው፣ ጎመኑም አልከዳኝ።
ሃምሳ አምስቱን ቀን ከሰፈሩ ጋራ
እኩል ስንጾም ከርመን በአንድ ዓይነት እንጀራ፣
ፋሲካ ገለጠኝ።
ሽንብጥ፣ አጎቴ ግቢ፣ በሬው ተጥሎ፣
ቅርጫው ኮባ ላይ ተደልድሎ፣
"የእንየው መደብ የቱ ነው?" ሲባል ዕጣ ወጥቶ
"ለጎረቤት ስጡት" አልኩኝ፣ ድምፄ ጠፍቶ።
ቢላዋው ቆመ።
እናቴ አንገቴን በዓይኗ ዳሰሰችው፤
ማተቤን ፈለገች። አጣችው።

እማ፣ አልበጠስኩትም።
ፖሊ ወርክሾፕ ውስጥ፣ ከቶርኖ ጎን ከርሞ፣
ዘይት ጠጥቶ፣ ላብ ጠጥቶ፣ በብረት ብናኝ ታሞ
በራሱ ነው ያለቀው።
ሌላ ግን አላሰርኩም። ይሄ ነው ጥፋቴ፤
ከጠየቅሽኝ ደግሞ፣ ይሄው ነው እውነቴ።

ዶክተር ራማናታንን ጠይቄው ነበር አንድ ማታ፦
"በሩ በየት በኩል ነው? የት ነው የማጥመቂያው ቦታ?
አርባ ቀን፣ ሰማንያ ቀን፣ የክርስትና አባት፣
እኔ የማውቀው ይሄን ነው፤ የእናንተስ መግቢያው በየት?"
መነጽሩን ጠረገ። ሳቀ። ደግሞም አፈረ።
"እንጃ" አለኝ፣ "እቤት የተወለደ ሰው በሩን መቼ ቆጠረ?"
የኬሚስትሪው ባልደረባው ግን ሻዩን አስቀምጦ
"ሂንዱ ይወለዳል እንጂ አይገባም" አለ ቆርጦ።

ወዲያም ወዲህም ያልሆነ ሰው እንዴት ነው የሚራመድ?
በሁለት ረድፍ ዘንባባ መሀል እንዲሁ ስሄድ፣ ስሄድ
እግሬ ሐይቁ ላይ ጣለኝ።
ጋሽ እንድሪስ ደንገል ያስር ነበር።
"ተቀበሉህ?" አለኝ፣ ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ።
"ገና ነኝ።"
"እኛም ስንሰግድ ኖረን፣
'ጉማሬ በልታችኋል' ሲሉን ነው ያረጀን።"
ገመዱን በጥርሱ ነክሶ አጠበቀው።
"ታንኳ ልሁን ብሎ ደንገል ማንን ጠየቀ?
ይታሰራል። ይንሳፈፋል። ሲርስ ሌላ ይታሰራል።"

ሳምንት ሳይሞላ፣ ጎህ ሲቀድ፣ አባይ ከጣና ሲለይ፣
ሳቪትሪ፣ የዶክተሩ ሚስት፣ ቆማ ነበር ድንጋዩ ላይ።
ቅጠል ላይ ጥጥ፣ ጥጡ ላይ የኑግ ዘይት፣ ዘይቱ ላይ እሳት።
"ጋንጋ ሩቅ ናት" አለች፣ "የእናንተው ግዮን ይተካት።"
ውሃው እስከ ወገቤ። ሦስቴ ጠልቄ ወጣሁ።
"ስም አውጪልኝ" አልኳት፣ "አዲስ ስም እጠብቃለሁ።"
"የአሁኑ ፍቺው ምንድን ነው?"
"እንየው? … ኑ እንየው ማለት ነው። በዓይናችን። እሱን።"
ዝም አለች። መብራቱ ቅጠሉን ይዞ እስኪርቅ ሸኘችው።
"እኛ ቤተ መቅደስ የምንሄደው ለዚሁ ነው። ዳርሻን እንለዋለን፦
ማየት። አይቶም መታየት።
እናትህ ቀድማኛለች፤ ምን ልጨምርበት?"

ዳርሻን ስትለኝ፣ ጆሮዬ ዳርቻ ብሎ ሰማው፤
እስከ ዛሬ አላረምኩትም፤ ለእኔ እንዲያ ነው የተስማማው።

በመብራት በዓላቸው ማታ፣ ኩሽናው ደፍ ላይ ስደርስ
"ጫማህን!" ብላ ጮኸችብኝ፣
ልክ ልጆቿ ላይ እንደምትጮኸው።
ከምንጣፉ ጥግ፣ የኬሚስትሪው ሰውዬ
ሳያየኝ፣ ሳይናገር፣
አንድ ሰው የሚያህል ቦታ ለቀቀልኝ።

ዕድሩ ግን ተሰበሰበ።
"ስትሞት ምን እናድርግህ? እሳት ነው ወይስ አፈር?"
የሰብሳቢው የአቶ ዋለልኝ ጥያቄ ይሄው ነበር።
"እንጨት ስንት ገባ?" አለ አንዱ። ጥቂቶች ሳቁ።
አቶ ዋለልኝ መዝገቡን ከደነ፦
"ወርኃዊውን ይክፈል። ድንኳኑ ይተከላል።
ሌላውን ሲሞት እንነጋገራለን።"

ውላቸው አለቀ፣ ሄዱ። የነሐሱ መብራት እኔ ጋ ቀረ።
እናቴ ቤቴ አትገባም።
አርብ አርብ ግን፣ የበሩ እጀታ ላይ
በፌስታል የተንጠለጠለ ባዘቶ አገኛለሁ፣
ፍሬው የወጣ፣ ንጹሕ።
"ለጧፍ ከፈተልኩት የተረፈ ነው" ትላለች በስልክ፤
ሌላ አትልም።

እገምደዋለሁ።
ዛሬ ነፋሱ ከሐይቁ በኩል ነው፤
መስኮቱን በግማሽ ዘጋሁት።